ሌሊትና ቀን የማያቋርጥ የኩላሊት እጥበት፤ መሣሪያውና የሚጠይቀው ዝግጅት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጆች ስለ አንድ የሕክምና መሣሪያ እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ የመረጥሁት፣ ኩላሊቱ በድንገት ሥራ ላቆመበት ሕመምተኛ ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ ደም የሚያጥበውን መሣሪያ ነው። ብዙዎቻችን በስም እንኳ አናውቀውም፤ ነገር ግን የተሠራው በሚገባ ከምናውቃቸው ከፓምፕ፣ ከቧንቧ፣ ከሚዛንና ከግፊት መለኪያ ነው። የሕክምናውን ነገር ለሐኪሞች ትቼ በመሐንዲስ ዓይን የሚታየውን ብቻ ለመናገር አስቤ ነበር፤ ሆኖም ሁለቱ ተነጣጥለው የሚነገሩ ሆነው አላገኘኋቸውም። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቅ።

እንደሚታወቀው የጤነኛ አዋቂ ሰው ሁለቱ ኩላሊቶች በደቂቃ 120 ሚሊ ሊትር ያህል፣ በቀን ወደ 180 ሊትር የሚጠጋ ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ። ከዚህ ሁሉ በሽንት የሚወጣው አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ሲሆን የቀረው ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። በብርቱ ተቅማጥ የሰውነቱ ውኃ ያለቀበት፣ በከባድ ወባ የተያዘ፣ በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም የፈሰሳት፣ መርዛማ ነገር የዋጠ፣ ወይም ኢንፌክሽን በደሙ የተሠራጨበት ሰው ይህ ሥራ በጥቂት ሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊቆምበት ይችላል። ያን ጊዜ ፖታሲየም በደም ውስጥ ይከማችና የልብን ምት ያዛባል፤ መውጫ ያጣው ውኃ ሳንባን ይሞላል፤ አሲድ ይበዛል። ነገር ግን ይህ ሕመም ሥር ከሰደደው የኩላሊት በሽታ የሚለይበት አንድ ታላቅ ነገር አለ፤ ይኸውም ሰውየው እነዚያን ጥቂት ሳምንታት በሕይወት ካለፈ ኩላሊቱ ብዙ ጊዜ ወደ ሥራው የሚመለስ መሆኑ ነው። ከመሣሪያው የሚፈለገው እንግዲህ የዕድሜ ልክ አገልግሎት ሳይሆን የሁለትና የሦስት ሳምንት ድጋፍ ነው። በዚህ አጭር ጊዜ ረዳት አጥቶ የሚሞት ሰው ሊድን ይችል የነበረ ሰው ነው።

ዲያሊሲስ የሚለውን ስም በ1861 ለዚህ ዓይነቱ የመለያ ዘዴ ያወጡለት ስኮትላንዳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ቶማስ ግሬሃም ነበሩ። የሰው ሕይወት ያተረፈው የመጀመሪያው መሣሪያ ግን የተሠራው በጦርነት ጊዜ፣ በጀርመን ጦር በተያዘችው በሆላንድ፣ ካምፔን በምትባል ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ዶክተር ቪሌም ኮልፍ በ1943 ለቋሊማ መሥሪያ የሚያገለግለውን የሴሎፋን ቱቦ ከእንጨት በተሠራ ከበሮ ላይ ጠመጠሙ፤ ከበሮውንም የጨው ውኃ በሞላው ገንዳ ውስጥ አሽከረከሩት። ደሙ ከሚዞረው ከበሮ ወደማይዞረው ቱቦ ሳይፈስ የሚያልፍበትን መጋጠሚያ ያሰቡት በፎርድ መኪና የውኃ ፓምፕ ላይ ካዩት አሠራር ነበር። ገንዳውን የሠራላቸው በከተማው የነበረው የኢናሜል ዕቃዎች ፋብሪካ ነው። ብዙ ሕመምተኞች ከሞቱባቸው በኋላ በ1945 አንዲት የ67 ዓመት ሴት ከሰመመን ነቅተው ዳኑ። ይህን ታሪክ ያነሣሁት ለጌጥ አይደለም። የሐኪሙ ሐሳብ ያለ ፋብሪካው ባለሙያዎች እጅ የትም እንደማይደርስ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ ስለማላውቅ ነው።

በ1952 የአሜሪካ ጦር በኮሪያ የኩላሊት ሕክምና ጣቢያ አቋቁሞ በጦር ሜዳ ቆስለው ኩላሊታቸው የቆመባቸውን ወታደሮች በዚህ ዘዴ ማከም ጀመረ። የእኛም የቃኘው ሻለቃ በዚያው ጦርነት ተሰልፎ የነበረበት ጊዜ ነው። ቀደም ሲል ከእነዚህ ቁስለኞች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ይሞቱ ነበር፤ በጣቢያው ሟቾቹ ወደ ግማሽ ገደማ ዝቅ አሉ።

የማያቋርጠው ዘዴ የተወለደው ግን ከዚህ 25 ዓመት ቆይቶ፣ በምዕራብ ጀርመን በጎቲንገን ከተማ ነው። በ1977 ዶክተር ፔተር ክራመር ቱቦ ወደ ደም መላሽ ሥር ለማስገባት ሲሞከር ሳይታሰብ ወደ ደም ወሳጁ ሥር በመግባቱ፣ የልብ ግፊት ራሱ ደሙን በማጣሪያው ውስጥ ሊገፋ እንደሚችል ተገነዘቡ። ፓምፕ የለም፤ ኤሌክትሪክ የለም። ደሙ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ የተጣራው ፈሳሽ ከአልጋው ዝቅ ብሎ በተንጠለጠለ ከረጢት ይጠራቀማል። የማጣራቱን ኃይል ለመጨመር ቢፈለግ ከረጢቱን ዝቅ ማድረግ ይበቃል፤ 40 ሴንቲ ሜትር የውኃ ዓምድ 30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል መሳቢያ ግፊት ይሰጣልና። ከዚህ የበለጠ ቀላል መሣሪያ ማሰብ ያስቸግራል። ጉድለቱም ከቀላልነቱ የመጣ ነው። የደም ግፊቱ የወረደበት ሕመምተኛ፣ ማለትም እጥበቱን ከሁሉ ይበልጥ የሚፈልገው ሰው፣ ደሙን የሚገፋበት ኃይል የለውም። ደም ወሳጅ ሥርን መብሳትም የራሱን አደጋ ያመጣል። ስለዚህ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ባለ ሁለት መተላለፊያ ቱቦ በአንድ ትልቅ ደም መላሽ ሥር ውስጥ እየገባ ደሙን ፓምፕ ያዞረው ጀመር፤ ከፓምፑም ጋር ዛሬ የምናውቀው ውስብስብ መሣሪያ ቀስ በቀስ ተከተለ።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። የመሣሪያው ልብ ማጣሪያው ነው። በአንድ የፕላስቲክ ሲሊንደር ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ክፍት ጭረቶች ተደርድረዋል፤ የእያንዳንዱ የውስጥ ስፋት 200 ማይክሮን ያህል ነው። ደም በጭረቶቹ ውስጥ ያልፋል፤ የጭረቶቹ ግድግዳ ውኃን፣ ጨውን፣ ዩሪያንና ሌሎች ጥቃቅን ነገሮችን ሲያሳልፍ የደም ሴሎችንና እንደ አልቡሚን ያሉትን ትልልቅ ፕሮቲኖች ያስቀራል። ቆሻሻው የሚወጣበት መንገድ ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ በጭረቶቹ ውጭ ንጹሕ ፈሳሽ ሲያልፍ በደሙ ውስጥ የበዛው ነገር ወዳነሰበት በኩል በራሱ መሻገሩ ነው። ሁለተኛው ጠጅ በማጥለያ ሲጠል የምናየው ዓይነት ነው፤ ግፊት ውኃውን በግድግዳው ሲያሳልፈው በውኃው የሟሟውም አብሮት ይሄዳል። በዚህኛው መንገድ የወጣውን ውኃ ጨዉ በተመጠነ ሌላ ንጹሕ ፈሳሽ መተካት የግድ ነው። ዘመናዊው መሣሪያ እንደ ሐኪሙ ትእዛዝ በአንደኛው፣ በሌላው ወይም በሁለቱም በአንድነት ይሠራል።

በተለመደው እጥበትና በማያቋርጠው መካከል ያለውን ልዩነት ከማብራራት ማስላት ይቀላል። የተለመደው ማሽን በደቂቃ 200 ሚሊ ሊትር ደም ከዩሪያ ያጸዳል ብንል በአራት ሰዓት 48 ሊትር ይሆናል። የማያቋርጠው በሰዓት ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 25 ሚሊ ሊትር ይሠራል ብንል 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በሰዓት 1 ሊትር ከ750፣ በ24 ሰዓት 42 ሊትር ነው። በደቂቃ ሲታሰብ 29 ሚሊ ሊትር ብቻ፤ የጤነኛ ኩላሊቶች ሥራ ሩብ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ የአንድ ቀን ሥራቸው የተቀራረበ ነው፤ ልዩነቱ ፍጥነቱ ላይ ነው። ከሰውየው ሦስት ሊትር ውኃ መቀነስ ቢያስፈልግ አንደኛው በሰዓት 750 ሚሊ ሊትር፣ ሁለተኛው 125 ሚሊ ሊትር ይወስዳል። በሕብረ ሕዋሳቱ መካከል የተጠራቀመው ውኃ ወደ ደም ሥር የሚመለሰው በዝግታ ስለሆነ፣ ግፊቱን በመድኃኒት ኃይል ብቻ ያቆመ ሕመምተኛ የመጀመሪያውን ፍጥነት ሊቋቋም አይችልም። አንጎሉ ላበጠ ሕመምተኛም ዩሪያው በድንገት ሲወርድ ውኃ ወደ አንጎሉ ገብቶ እብጠቱን ያብሰዋል።

ደሙን ማውጣትና መመለስ ንጹሕ የቧንቧ ሥራ ነው። በጠባብ ቱቦ ውስጥ ፍሰት በራዲየሱ አራተኛ ኃይል ልክ እንደሚለዋወጥ ሁላችንም ተምረናል፤ ስፋቱ በግማሽ ሲቀንስ መቋቋሙ 16 እጥፍ ይሆናል። በተጣመመ ወይም በጠበበ ካቴተር ላይ የዓለም ምርጡ ማሽን ቢቀጠል የሚሰማው የደወል ድምፅ ብቻ ነው። ለዚህም ነው ሐኪሞች ቱቦውን በተቻለ መጠን ቀጥ ብሎ ወደ ልብ በሚወርደው በቀኝ የአንገት ደም ሥር በኩል ማስገባት የሚመርጡት።

ሌላው ጠላት መርጋት ነው። ደም ከሥሩ ወጥቶ ፕላስቲክ ሲነካ መርጋት ይጀምራል፤ ማጣሪያው ውስጥ ውኃ ሲወጣለት ደግሞ ይወፍራል። በደቂቃ 150 ሚሊ ሊትር ደም ቢፈስ በሰዓት 9 ሊትር ነው፤ ከዚህ 30 በመቶው ቀይ ሴል ቢሆን የፕላዝማው ድርሻ 6 ሊትር ከ300 ነው። ከዚህ ላይ 1 ሊትር ከ750 በማጣራት ብናወጣና ምትኩን ከማጣሪያው በኋላ ብንመልስ 28 በመቶውን ወሰድን ማለት ነው። ይህ ይበዛል፤ ከ20 እስከ 25 በመቶ ሲያልፍ ጭረቶቹ መደፈን ይጀምራሉ። የደሙን ፍሰት ወደ 200 ብናሳድገው ግን ወደ 21 በመቶ ይወርዳል። አለዚያም ምትኩን ፈሳሽ ከማጣሪያው በፊት ማስገባት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ደሙ ይቀጥናል፤ የማጽዳቱም ብቃት በዚያው መጠን ይቀንሳል።

መርጋትን ለመከላከል ብዙ ዘመን ያገለገለው ሄፓሪን ነው። አሁን በብዙ ቦታ የሚመረጠው ሲትሬት ሲሆን አሠራሩ እጅግ ብልኀት የሞላበት ነው። ደም ያለ ካልሲየም አይረጋም። ሲትሬቱ ደሙ ከሰውነት እንደወጣ ካልሲየሙን ይይዘዋል፤ ደሙ ሳይረጋ ማጣሪያውን ያልፋል፤ ወደ ሰውነት ሲመለስ ካልሲየም በሌላ ቱቦ ይተካለታል፤ ሲትሬቱን ደግሞ ጉበት ወደ ቢካርቦኔት ይለውጠዋል። በ2020 በጀርመን የተደረገ ጥናት ውጤቱን ሲያስታውቅ የማጣሪያው መካከለኛ ዕድሜ በሲትሬት 47 ሰዓት፣ በሄፓሪን 26 ሰዓት ሆኖ ተገኝቷል፤ በሌላ በኩል በሲትሬት ከታከሙት መካከል በኢንፌክሽን የተያዙት በዝተዋል። ጉበቱ የደከመ ሰው ሲትሬቱን ሊያቃጥለው አይችልምና ዘዴው አደጋ ይሆንበታል። ከሁሉም በላይ የካልሲየሙን መጠን በየጥቂት ሰዓቱ የሚለካ ላቦራቶሪ በሌለበት ሲትሬትን ማሰብ አይገባም።

የግፊት መለኪያዎቹን ማንበብ የሚያውቅ ሰው ማጣሪያው ከመደፈኑ በፊት ያውቃል። ደሙ ወደ ማጣሪያው ሲገባና ከማጣሪያው ሲወጣ ያለው የግፊት ልዩነት ከፍ እያለ ሲሄድ ደም በጭረቶቹ ውስጥ እየረጋ ነው። ይህ ልዩነት ሳይለወጥ በግድግዳው ግራና ቀኝ ያለው የግፊት ልዩነት ብቻ ሲያድግ ደግሞ የተደፈኑት የግድግዳው ቀዳዳዎች ናቸው። በመጀመሪያው ጊዜ ደሙን ቶሎ ወደ ሕመምተኛው መልሶ ማጣሪያውን መለወጥ ያስፈልጋል፤ ዘግይቶ የተገኘ እንደሆነ በቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ከ150 እስከ 200 ሚሊ ሊትር የሚሆን ደም ይጣላል። ደም ላነሰው ሰው ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ከሁሉ አብልጬ ላተኩርበት የምፈልገው ግን ሚዛኑ ነው። በቀን 42 ሊትር ይገባል፤ 42 ሊትርና ከሰውየው እንዲቀነስ የታዘዘው ይወጣል። የምንፈልገው በሁለት ትልልቅ ቁጥሮች መካከል ያለውን ትንሽ ልዩነት ነው፤ እንዲህ ያለው ልኬት ምን ያህል ስሕተት እንደሚያባዛ ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልገኝም። ቀድሞ ለየብቻ በቆሙ ፓምፖች ሲሠራ አንዱ ፓምፕ 5 በመቶ ቢስት በቀን ከሁለት ሊትር በላይ ውኃ ሳይታወቅ ሊጨመር ወይም ሊጎድል ይችል ነበር። ስለዚህም የአሁኖቹ መሣሪያዎች ከረጢቶቹን በሚዛን ላይ አንጠልጥለው ያለማቋረጥ እየመዘኑ ፓምፖቹን ያርማሉ። ይሁን እንጂ ከረጢቱ ግድግዳ ቢነካ፣ ቱቦው ቢታጠፍ፣ መቆንጠጫው ሳይከፈት ቢቀር ሚዛኑ ይሳሳታል፤ መሣሪያውም ደወል ያሰማል። በ2005 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በሰፊው ይሠራበት ስለነበረ አንድ መሣሪያ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ሠራተኞች የክብደት ልዩነት ደወሉን ምክንያቱን ሳያስወግዱ ደጋግመው እያለፉት ከመጠን በላይ ውኃ የተወሰደባቸው ሕመምተኞች ሞተዋል። በእኔ አስተያየት ይህን የነርሶች ጥፋት ብቻ አድርጎ መውሰድ ትክክል አይደለም። በአንድ ሌሊት አሥር ጊዜ የሚጮኽ፣ ዘጠኙም ጊዜ በከንቱ የሚጮኽ ደወል አሥረኛው ላይ እንደማይሰማ ነዳፊው ማወቅ ነበረበት።

ለሕፃናት ይህ ጉዳይ ከዚህም የከፋ ነው። ሦስት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ያለው ደም 240 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ነው። ሚዛኑ በሰዓት 30 ግራም ቢስት፣ ይህም በአዋቂ ላይ እምብዛም የማይታይ ነው፣ በስምንት ሰዓት የሕፃኑን ደም ሁሉ የሚያህል ስሕተት ይደርሳል። የቱቦዎቹ ይዘት ራሱ ከደሙ የማይተናነስበት ጊዜ ነበር። በጣሊያን ቪቼንሳ ከተማ ፕሮፌሰር ክላውዲዮ ሮንኮና ባልደረቦቻቸው ለአራስ ሕፃናት ብቻ የተነደፈ፣ የቱቦና የማጣሪያ ይዘቱ ከ30 ሚሊ ሊትር ያነሰ መሣሪያ ሠርተው በ2013 ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስት ኪሎ በማይሞላ ሕፃን ላይ ተጠቅመውበታል፤ ሕፃኑም ድኗል።

ምን ያህል ማጠብ ይበቃል የሚለው ጥያቄ ረጅም ክርክር አስነሥቷል። በ2000 ከዚያው ከቪቼንሳ የወጣ ጥናት በሰዓት በኪሎ 35 ሚሊ ሊትር የታጠቡት ከ20ዎቹ ይልቅ በሕይወት መትረፋቸውን ቢያመለክትም፣ በ2008 በአሜሪካ በ1,124 ሕመምተኞች፣ በ2009 በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድ በ1,508 ሕመምተኞች ላይ የታተሙት ታላላቅ ጥናቶች መጠኑን ማብዛት ጥቅም እንደሌለው አሳይተዋል። በ2012 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያም ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሊትር ይበቃል ብሏል። የማያቋርጠው ከተለመደው ይበልጣል ወይ ለሚለውም በ2006 በፈረንሳይ 360 ሕመምተኞች ተፈትነው ከ60 ቀን በኋላ በሕይወት የቀሩት በሁለቱም በኩል ሢሶ ገደማ ነበሩ። ይህን ውጤት ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት በጥሞና ማየት ይገባናል።

ምክንያቱም መሣሪያውን መግዛት የወጪው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም። 42 ሊትር ፈሳሽ በአምስት ሊትር ከረጢት ሲታሰብ በቀን ወደ ዘጠኝ ከረጢት ነው፤ አንድ ሰው አምስት ቀን ቢታከም ከ200 ኪሎ በላይ ንጹሕ ፈሳሽ ከወደብ እስከ አልጋው አጠገብ መጓጓዝ አለበት። ማጣሪያው ከ72 ሰዓት በላይ አያገለግልም፤ ብዙ ጊዜም ከዚያ ቀድሞ ይደፈናል። የአንዱ ፋብሪካ ማጣሪያና ቱቦ በሌላው ማሽን ላይ አይገጥምም። አንድ ሆስፒታል ውስጥ በእርዳታ የመጣ እንዲህ ያለ መሣሪያ ከነላስቲኩ ቆሞ አይቻለሁ፤ ብልሽት አልነበረውም፤ ማጣሪያ የሚባል ነገር ግን ከእርሱ ጋር አልመጣም፤ ለማጣሪያ መግዣ የተያዘ በጀትም አልነበረም።

በአገራችን ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ለደረሰባቸው ሕመምተኞች በመንግሥት ሆስፒታል የዲያሊሲስ አገልግሎት በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2013 ተጀምሯል፤ በዚያው ሆስፒታል በ2015 የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተከናውኗል። ይህ የተደረሰበት ደረጃ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቃ በወሊድ ደም የፈሰሳት እናት ለእነዚህ አልጋዎች በሕይወት ላትደርስ ትችላለች። በበኩሌ መሠራት ያለበት በዚህ ቅደም ተከተል ነው እላለሁ።

ከሁሉ በፊት የሚመጣው በሆድ ዕቃ ገለፈት በኩል የሚደረገው እጥበት ነው። ቱቦ ወደ ሆድ ገብቶ ፈሳሹ በክብደቱ ይወርዳል፤ ቆይቶም በክብደቱ ይወጣል። ፓምፕ፣ ኤሌክትሪክና የተጣራ የቧንቧ ውኃ አይጠይቅም፤ ለሕፃናት በተለይ ይስማማል፤ ዓለም አቀፍ መመሪያዎችም ለድንገተኛው የኩላሊት ጉዳት ተገቢ ሕክምና መሆኑን ተቀብለውታል። ከዚህ ቀጥሎ ባሉን የተለመዱ ማሽኖች ፍሰቱን ዝቅ አድርጎ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ማጠብ ነው። በዚህ መንገድ የማያቋርጠው ዘዴ ካለው ጥቅም አብዛኛው ያለ ከረጢት ይገኛል። ማሽኑ ፈሳሹን የሚያዘጋጀው ከቧንቧ ውኃ ስለሆነ ግን ኃላፊነቱ ወደ እኛ ይመጣል። በ1996 በብራዚል ካሩአሩ ከተማ በመኪና የተመላለሰ፣ በአልጌ መርዝ የተበከለ የግድብ ውኃ ለእጥበት ውሎ ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በአፍ ቢጠጣ ሆድና ጉበት የሚከላከሉት ነገር በማጣሪያ በኩል ግን በቀጥታ ወደ ደም ይገባል። የካርቦን ማጣሪያውን የሚለውጥ፣ ክሎሪኑን በየቀኑ የሚለካ፣ መዝገቡን የሚይዝ ባለሙያ ሳይመደብ የውኃ ማጣሪያ ክፍል ተመረቀ ማለት አይቻልም።

የማያቋርጠው መሣሪያ የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው፤ አንጎላቸው ላበጠ፣ ጉበታቸው ለወደቀ፣ ግፊታቸው ምንም ዓይነት ፈጣን እጥበት ለማይችል ሕመምተኞች፣ ሌሊትም የሚሠራ ላቦራቶሪና ለአንድ ሕመምተኛ አንድ ነርስ ሊመድብ በሚችል የጽኑ ሕሙማን ክፍል። ጨረታ ሲወጣ መሐንዲሱ ከመጀመሪያው ይጠራ። ዕቃው ጉምሩክ ከደረሰ በኋላ ተጠርቶ ሶኬት እንዲያስገባ መታዘዙ እስካሁን የተለመደ ነገር ነው። የማጣሪያና የፈሳሽ አቅርቦት ቢያንስ ለሦስት ዓመት በውሉ ይግባ፤ የሚዛኑ መፈተኛ ክብደቶችና የጥገና መጽሐፉ ከማሽኑ ጋር ይምጡ።

የመብራት መቋረጥንም ላንሣ። በመሣሪያው ውስጥ ያለው ባትሪ የሚያቆየው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ደሙ ቆሞ ከቆየ ይረጋል። አብዛኞቹ መሣሪያዎች የደሙን ፓምፕ በእጅ ለማዞር የሚያስችል መዘውር አላቸው። መዘውሩ ማሽኑ ላይ ታስሮ መቀመጡን፣ የሌሊት ተረኛዋ ነርስም በየትኛው አቅጣጫና በምን ፍጥነት እንደሚዞር በእጇ ሞክራ ማወቋን፣ በእጅ በሚዞርበት ጊዜ የአየር መቆጣጠሪያው ላይሠራ ስለሚችል በመመለሻው ቱቦ ላይ አረፋ አለመኖሩን በዓይኗ መከታተል እንዳለባት መረዳቷን የመሣሪያው ክፍል ኃላፊ በየሦስት ወሩ ሊያረጋግጥ ይገባዋል። የመዘውሩንና የቱቦዎቹን ሥዕል በጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ፤ ጥያቄ ያለው በእርሱ ላይ እያሳየ ቢጠይቀኝ ደስ ይለኛል።